ላቀች፦ ለሥራ ቀን እራት የምትበቃ የከሰል ምድጃ

የሥራ ቀን እራት ፋታ አይሰጥም። ከታክሲ ሰልፍ ወጥቶ ቤት ሲደረስ መሽቷል፤ ልጆች ርቧቸዋል፤ መብራቱም አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ወጥ ልሥራ ቢሉ ሽንኩርቱን አቁላልቶ ለማብሰል ብቻ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ጥብስ ግን እሳቱ ከደረሰለት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከገበታ ይቀርባል። ግማሽ ኪሎ ሥጋ፣ አንድ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል ካለ ሌላው ሁሉ የእሳት ጉዳይ ነው። ጥብስን ጥብስ የሚያደርገው ብርቱ እሳት ነው፤ በለሰለሰ እሳት ላይ የተጣደ ሥጋ ውሃውን ለቅቆ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ብርቱ እሳት በትንሽ ከሰልና በትንሽ ቦታ የምትሰጥ፣ ዋጋዋም ከአቅም በላይ ያልሆነ ምድጃ ለሚፈልግ ሰው በአገራችን ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለች ዕቃ አለች። ስሟ ላቀች ይባላል። ብዙ ቤት ውስጥ አለች፤ አሠራሯንና አመራረጧን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ገበያ ላይ በስሟ የሚሸጠው ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ጠጋ ብሎ ማወቅ ይጠቅማል።

ከየት መጣች?

ዱሮ በየቤቱ የነበረው የከሰል ማንደጃ ከቆርቆሮ ብቻ የሚሠራ ነው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ የትም ይገኛል። ችግሩ ቆርቆሮነቱ ነው። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ቡና ያፈላ ሰው ሁሉ እግሩ ሲለበለብ ያውቀዋል፤ ያ እግር የሚለበልብ ሙቀት ለጀበናው ተከፍሎበት ጀበናው ያላገኘው ሙቀት ነው። ብረት ሙቀትን ከሸክላ በብዙ አሥር እጥፍ ፈጥኖ ስለሚያስተላልፍ፣ ፍሙ የሰጠው ሙቀት በጎኑ በኩል ወደ ውጭ ይበተናል።

ለዚህ መላ የተገኘው የሸክላና የብረትን ጠባይ በማጣመር ነው። ታይላንድ ውስጥ ሸክላን በቆርቆሮ ባልዲ ውስጥ ያስቀመጠ ምድጃ ከቆየ ጀምሮ ይሠራበት ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ኬንያውያን ያን ሐሳብ ወስደው ለራሳቸው አበሳሰል በሚስማማ መልኩ ለወጡት፤ የኬንያ ሸክላ ጂኮ በሚል ስም ታወቀ፤ ናይሮቢን አልፎም ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተዛመተ። ወደ እኛ የደረሰው በ1980ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን፣ የመንግሥት የኢነርጂ ባለሙያዎች ለአገራችን ድስትና አበሳሰል አስማምተው ላቀች ብለው ለገበያ አወጧት። በዚያው ሰሞን ለእንጀራ መጋገሪያ የተዘጋጀው ምርጥ ምድጃ እህቷ ነው ማለት ይቻላል፤ እሱ በማገዶ፣ እሷ በከሰል።

የማምረቱ ሥራ በአንድ ትልቅ ፋብሪካ አልተያዘም። ሸክላውን ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆርቆሮውን ብረት ቀጥቃጮች በየመንደሩ እንዲሠሩት ተደረገ። ይህ ምድጃዋን በቀላሉ እንድትስፋፋና ዋጋዋ እንዳይወደድ ረድቷል። በዚያው ልክ ደግሞ ጥራቷን በሠሪው እጅ ላይ ጥሎታል። አንዱ ሠሪ ሸክላውን በደንብ ያቃጥላል፣ ሌላው ያጣድፈዋል፤ አንዱ ክፍተቱን በሲሚንቶ ይሞላል፣ ሌላው ያልፈዋል።

እንዴት ትሠራለች?

ላቀችን ከላይ ሆኖ ለሚያያት የምትታየው ጎድጎድ ያለች የሸክላ ሳህን ናት፤ ከታችዋ ቀዳዳዎች አሏት። ከሰሉ የሚከመረው እዚያ ላይ ነው። ሸክላዋን ዙሪያውን የቆርቆሮ ልብስ ይይዛታል። ከሥር አመድ የሚጠራቀምበት ባዶ ክፍል አለ፤ በጎኑ ትንሽ በር ተሠርታለታለች። ከአፏ ላይ ድስቱን የሚሸከሙ ሦስት የብረት መቀመጫዎች ተተክለዋል።

ሥራው ሁሉ በእነዚህ ክፍሎች መካከል ነው። ሸክላው ሙቀቱን ወደ ጎን እንዳይሄድ ይከለክለዋል፤ ራሱ ሲግልም መልሶ ወደ ፍሙና ወደ ድስቱ ያበራል። አየሩ በበሩ ገብቶ፣ በቀዳዳዎቹ ወጥቶ፣ ፍሙን ከሥሩ ያናፍሰዋል። በሩ ሲከፈት እሳቱ ይበረታል፣ ሲጠብ ይለዝባል። የቆርቆሮው ማንደጃ ዙሪያው ክፍት ስለሆነ እንዲህ አይታዘዝም፤ ከሰሉን እንዳሻው በልቶ ይጨርሰዋል።

ላቀች ከቆርቆሮው ማንደጃ ጋር ስትነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ትቆጥባለች። አራት ማዳበሪያ ከሰል ይፈጅ የነበረ ቤት በሦስት ይዘልቃል ማለት ነው። ትርፉ በቤት አያበቃም። በባህላዊ መንገድ፣ አፈር አልብሶ በማክሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ይቃጠላል። ከዚያ ከእያንዳንዱ ኪሎ ሩቡ ተረፈ ማለት ከአንድ ኪሎ ከሩብ እስከ ሁለት ኪሎ ተኩል እንጨት ሳይቆረጥ ቀረ ማለት ነው። ከሰል የሚያነድ ሰው ሁሉ ግራሩ የት እንደ ቆመ ማሰብ አለበት፤ ደህና ምድጃ መግዛት ለዛፉ ከሚደረጉ ነገሮች ሁሉ ቀላሉ ነው።

ገበያ ላይ ምን ይታይ?

ምድጃ የሚመረጠው አንድ ጥያቄ በመጠየቅ ነው፦ ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል? ቀለሙና ውበቱ አያታልል።

መጀመሪያ ሸክላውን ይመልከቱ። ከቆርቆሮው ጋር ያልተገጠመ ካገኙ በጣትዎ ያንኳኩት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ተቃጥሏል፣ ስንጥቅም የለውም። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ይተዉት። ተገጥሞ የሚሸጥ ከሆነ ድምፁ ብዙ አይናገርም፤ የስልክዎን መብራት አብርተው ውስጡን ዙሪያውን ይቃኙ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ በእሳት ላይ ትሰፋለች።

ቀጥሎ ቀዳዳዎቹን ይዩ። ምድጃዋን ወደ ሰማይ አንሥተው በበሯ በኩል ሲያዩ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ብርሃን መታየት አለበት። የተደፈነ ቀዳዳ እሳቱን በአንድ ወገን ያሞቀዋል፤ ድስቱ ግማሹ ሲፈላ ግማሹ ዝም ይላል። ከዚያ ምድጃዋን ያዝ አድርገው ነቅነቅ ያድርጓት። ሸክላው በቆርቆሮው ውስጥ ከተንኳኳ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በደንብ አልተሞላም፤ ብዙም ሳይቆይ ይሰበራል።

በሯን ከፍተው ይዝጉ። እስከ መጨረሻው የማትዘጋ በር እሳት አትቆጣጠርም፤ የምትጣበቅ በር ደግሞ ምድጃዋ ስትግል ጣት ታስፈጃለች። ሦስቱ የድስት መቀመጫዎች እኩል መሆናቸውን ለማወቅ ጠፍጣፋ ክዳን ጣል ያድርጉበት፤ ከተንገዳገደ ድስትዎም ይንገዳገዳል። ቆርቆሮውን በአውራ ጣት ይጫኑት፤ ወዲያው የሚሰረጉድ ከሆነ ዕድሜው አጭር ነው።

መጠኗን በተመለከተ ብዙ ሰው ትልቋን ይመርጣል። ለሥራ ቀን እራት ይህ ስሕተት ነው። ሰፊ ምድጃ ብዙ ከሰል ካልገባባት እሳቷ ይሳሳል፤ ብዙ ከገባባት ደግሞ ጥብሱ ካለቀ በኋላ ባዶዋን ስትነድ ታመሻለች። ከሁለት እስከ አራት ሰው ላለበት ቤት ትንሿ ትበቃለች። አስተማማኙ መለኪያ የቤትዎ መጥበሻ ነው፤ የመጥበሻው ሥር የምድጃዋን አፍ መሸፈን አለበት። ካልሸፈነ ሙቀቱ በጎን ያመልጣል።

አንድ ምሽት ከላቀች ጋር

እሳቱን ለማያያዝ ጭራሮ ከቀዳዳዎቹ በላይ ያድርጉ፤ ከሰሉን ከመሃል ከፍ አድርገው ይከምሩ፤ በሩን ከፍተው ወደ ነፋሱ ያዙሩ። በፌስታል ማያያዝ በየደጃፉ የተለመደ ክፉ ልማድ ነው፤ የፕላስቲክ ጭስ ለሳንባም መርዝ ነው፣ ሥጋውም ላይ ያርፋል። ላምባ የተደፋበት ከሰልም ሽታው ከጥብሱ አይለቅም። የግራር ከሰል ከባድ ነው፣ ፍሙም ይቆያል፤ የባሕር ዛፍ ከሰል ፈጥኖ ይያያዛል፣ ፈጥኖም ያልቃል። ለጥብስ ሁለቱን መቀላቀል ደህና ነው። በደንብ የከሰለ ከሰል እርስ በርሱ ሲመታ እንደ ብረት ይጮኻል፤ ያልበሰለው ይጨሳል።

ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ደቂቃ ባለው ጊዜ ጥቁሩ ጠፍቶ ፍሙ ስስ አመድ ይለብሳል። ሥጋው የሚከተፈው፣ ሽንኩርቱ የሚላጠው በዚያ መካከል ስለሆነ የባከነ ጊዜ የለም። እጅዎን ከፍሙ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ይዘርጉ፤ ከሁለት ሦስት ሰኮንድ በላይ ካላስቆመዎ እሳቱ ለጥብስ ደርሷል። አምስት ስድስት ሰኮንድ ካስቻለዎ ለዶሮና ለዓሣ ይሆናል።

መጥበሻውን ባዶውን በደንብ ያግሉት። ሥጋውን ከሁለት ከፍለው ይጥበሱ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ከተጨመረ መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውሃ ይለቃል። የመጀመሪያው ቡናማ ሆኖ ሲወጣ ሁለተኛው ይገባል፤ በመጨረሻ ሁሉም ከሽንኩርቱ፣ ከቃሪያው፣ ከቅቤውና ከጥብስ ቅጠሉ ጋር ተገናኝቶ አንዴ ተገላብጦ ይወርዳል።

መጥበሻውን ትቶ በሽቦ ፍርግርግ መጥበስም ይቻላል። እዚህ ላይ በሩን ጠበብ ማድረግ ይሻላል፤ ጮማው ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ ነበልባል ይነሣና ሥጋው ውጩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ሙሉ ቆሮሶ ዓሣ ሆዱ ተጠርጎ፣ ጎኑ ተሰንጥቆ፣ ጨውና ሎሚ ተቀብቶ በፍርግርግ ላይ ድንቅ ይሆናል። ዶሮ ከሁሉም ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ከአጥንቱ ጥግ ያለው ሥጋ እስከ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ መሞቅ አለበት፤ ቴርሞሜትር የሌለው ቤት አጥንቱ ጥግ ወግቶ ቀይ ፈሳሽ አለመኖሩን ይይ። በቆሎ እሸቱ ሲደርስም ላቀች አታሳፍርም።

ጥብሱ ከወረደ በኋላ የሚቀረው ፍም ለጀበና ወይም ለሻይ ይበቃል። ከዚያም የተረፈውን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ጨምሮ መክደን ነው፤ አየር አጥቶ ይጠፋል፣ ለነገ ይሆናል። ውሃ ግን በፍጹም አይደፋባትም፤ የጋለ ሸክላ በውሃ ይሰነጠቃል። አዲስ ምድጃም ከገበያ እንደ መጣች በብርቱ እሳት አትፈተንም። መጀመሪያ በትንሽ ከሰል ለዘብ አድርጎ ማሞቅ የሸክላውንና የሲሚንቶውን እርጥበት ቀስ ብሎ ያወጣዋል። አመዷም ሳይጠራቀም መጠረግ አለበት፤ አመድ የሞላባት ምድጃ አየር አጥታ ትጨሳለች።

የማትሆንበት ቦታ

ላቀች ሁሉን ነገር አትችልም። እንጀራ አትጋግርም፤ ለድግስ አትበቃም። መብራት በማይቋረጥበት ቤት ወጥ ለማብሰል የኤሌክትሪክ ምድጃ ይሻላል፤ ጭስ የለውም፣ ዛፍም አያስቆርጥም። ላቀች የምትመረጠው ለጥብስ፣ ለቡና፣ መብራት ለጠፋበት ምሽትና ደጅ ላለው ቤት ነው።

ደጅ ያልኩት በምክንያት ነው። የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፤ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይጀምርና እንቅልፍ ያስከትላል፤ ከዚያ እንቅልፍ ሳይነቁ የቀሩ ቤተሰቦች አሉ። ከሰሉ መጨሱን አቁሞ ቀይ ፍም ሆነ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም። ከሰል የምትቆጥብ ላቀችም ከዚህ አታድንም። ስለዚህ ማያያዙም መጥበሱም ውጭ፣ በረንዳ ላይ ወይም አየር እንደ ልቡ በሚገባበት ማድ ቤት ይሁን። በብርድ ሌሊት ለማሞቂያ ብሎ መኝታ ቤት ማስገባት በፍጹም አይገባም። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ደግሞ የጋራ ማብሰያው ክፍት ከሆነ እሱን ይጠቀም፤ የተዘጋ ኮሪደር ውስጥ የሚነድ ከሰል ጎረቤትንም ይመርዛል።

ይህን የሚጠብቅ ሰው በትንሽ ገንዘብ ብዙ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ያገኛል። ከቀለም ይልቅ ሸክላውን፣ ከመጠን ይልቅ በሩን አይቶ ይግዛ፤ ሸክላው ሲያረጅም ቆርቆሮው ደህና ከሆነ ሸክላውን ብቻ አስቀይሮ ይቀጥል። ጥሩ አድርጎ የሚሠራ ሠሪ ሲገኝ ደግሞ ለጎረቤት መንገር ተገቢ ነው። የላቀች ጥራት በየሠሪው እጅ ላይ ነውና፣ ደህናውን ሠሪ በገበያው የሚያቆየው ለይቶ የሚገዛ ሰው ነው።