የቮልሷ ዝናብ መጥረጊያ ጣርማበር ላይ ለምን ይለግማል?

በይፋት ቆላ የመኪና ዝናብ መጥረጊያን የሚያስታውስ የለም። አብዛኛውን ዓመት የሚያስቸግረው ሙቀትና አቧራ ነው። ችግሩ፣ ሸዋ ሮቢት ያለችው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ግን ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ደብረ ሲናን አልፋችሁ ጥምዝምዙን ስትያያዙት ጉሙ መስታወቱን ይሸፍነዋል፣ ካፊያው ይከተላል። የአሮጌ ቮልስ ባለቤት ማብሪያውን ይጫናል፤ መጥረጊያው ወይ ፍንክች!

ወዲያው የሚሰጠው ፍርድ “ሞተሩ ተቃጥሏል” የሚል ነው። አትቸኩሉ! ብዙ ጊዜ ሞተሩ ደህና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለችው ትንሽ ሞተር በፍጥነት ትሽከረከራለች። ጥርስ ያለው ማርሽ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን ይጨምራል፤ ከዚያ የብረት ዘንጎች ዙሩን ወደ ግራ ቀኝ እንቅስቃሴ ይለውጡታል። ክንዶቹ የሚታሰሩባቸው ሁለት ምሰሶዎች ከመስታወቱ ግርጌ ወደ ውጭ ብቅ ይላሉ። አቧራውንም ውሃውንም የሚጠጡት እነሱ ናቸው። ወራት ሳይንቀሳቀሱ ሲቆዩ ግሪሳቸው ይደርቃል፣ ይዝጋሉ፣ ይያዛሉ።

በነገራችን ላይ ከኤሌክትሪኩ በፊት የነበረውማ ይብስ ነበር። የድሮ ዊሊስ ጂፖችና ብዙ የአሜሪካ መኪኖች መጥረጊያቸውን የሚያንቀሳቅሱት የመኪናው ሞተር አየር ሲስብ በሚፈጥረው ኃይል ነበር። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ያ ኃይል ይወድቃል፣ መጥረጊያውም ይንቀራፈፋል። ለጣርማበር የማይሆን ዕቃ ካለ እሱ ነው!

ወደ ቮልሷ እንመለስ። መጀመሪያ ፊውዙን እዩ። ደህና ከሆነ ማርሹን ከዘንጎቹ የሚያገናኘውን ዳዶ ፍቱና ሞተሩን ብቻውን አብሩት። ከዞረ ጥፋቱ የምሰሶዎቹ ነው፤ ወልውሏቸው፣ ዝገቱን አስለቅቁ፣ አዲስ ግሪስ ስጧቸው። ካልዞረ ፊውዝ ባለው ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ መብራት ስጡት (የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ስር ነው)። አሁን ከዞረ ማብሪያውን ወይም ሽቦውን ተከታተሉ። እያጉረመረመ ከቆመ ግን ቶሎ አጥፉት፤ ተይዞ መብራት የሚጠጣ ሞተር በእርግጥም ይቃጠላል።

ሞተሩን ለመክፈት መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ። ውስጡ የምታገኙት ካርቦኖችና እነሱ የሚነኩት የመዳብ ቀለበት ነው። ካርቦኑ አልቆ ከሆነ ይቀየራል። ቀለበቱ ከጠቆረ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽዱት፤ በመዳቦቹ መሃል ባሉት ስንጥቆች የገባውን ጥቁር ዱቄትም በቀጭን እንጨት አውጡ። ከማርሹ ላይ የደረቀውን ግሪስ ፍቃችሁ በአዲስ ተኩ።

መቀየር ግድ ከሆነና መርካቶ ሶማሌ ተራ ከወረዳችሁ፣ ከዋጋው በፊት ቮልቱን ጠይቁ። እ.ኤ.አ. እስከ 1966 የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልሶች 6 ቮልት ናቸው፤ በኋላ 12 ቮልት መጣ። የ6 ቮልቱን ሞተር 12 ላይ ብታስሩት በጣም ይፈጥናል፣ ብዙም ሳይቆይ ይቃጠላል።

ስትገጥሙ ክንዶቹን አትቸኩሉባቸው። ባዶውን አብሩትና አጥፉት። ማርሹ ላይ ያለች ትንሽ ማቋረጫ ማብሪያው ከጠፋ በኋላም ሞተሩን ማረፊያው ድረስ ታደርሰዋለች። እዚያ ሲቆም ክንዶቹን አስተኝታችሁ እሰሩ። ይህን የዘለለ ሰው መጥረጊያው መስታወቱ መሃል ቆሞ ያገኘዋል።

ደግሞ አደራ፣ የቆላውን አቧራ በደረቁ አትጥረጉበት። አሸዋው መስታወቱን ይጭረዋል፣ ሞተሩንም ያለ ልኩ ያስጨንቀዋል። አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱበትና ከዚያ አብሩት።