ድምፅን በጆሮና በኪቦርድ ማረም

የተቀዳ ንግግርን ከስህተት፣ ከመንተባተብና ከትርፍ ዝምታ አጥርቶ ለአድማጭ ማዘጋጀት በባሕርዩ የጆሮ ሥራ ነው። ያለ ዓይን የማይሆን ሥራ መስሎ የታየው ኮምፒውተር ድምፅን በስክሪን ላይ የሞገድ ሥዕል አድርጎ ማሳየት ከጀመረ በኋላ ነው። ይህ ለውጥ ዓይነ ስውራንን ከሙያው ያራቀበትና ኪቦርድ መልሶ ያቀረበበት ታሪክ ጉልህ ክፍል የተፈጸመው በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ፣ ሳን ሊያንድሮ የተባለችው ከተማ በምትገኝበትና ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት አካባቢ ነው።

ከሳን ሊያንድሮ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ በሚገኘው በሳን ካርሎስ የተመሠረተው አምፔክስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 የቴፕ መቅረጫ ለሬዲዮ ጣቢያዎች ካቀረበ በኋላ፣ አራሚው ሁለቱን መንኮራኩሮች በእጁ ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሰ የሚቆርጥበትን ቦታ በጆሮው ይፈልግ፣ ቴፑንም በቦይ ውስጥ አስተኝቶ በምላጭ ይቆርጥ ነበር። ቦታውን ያገኘው ጆሮ፣ ምላጩን የመራው ደግሞ ጣት በመሆኑ፣ የሥራው ዋና ክፍል በማየት ላይ የተመሠረተ አልነበረም። በዚያው አካባቢ በ1984 የተቋቋመው ዲጂዲዛይን የተባለ ድርጅት በ1991 ፕሮ ቱልስ የተባለውን የኮምፒውተር ድምፅ ማረሚያ ለገበያ ሲያቀርብ ግን ቴፑ በስክሪን፣ ምላጩም በማውስ ተተካ። ማውስ ጠቋሚው የት እንዳለ ማየትን ስለሚጠይቅ፣ ለዓይነ ስውር ባለሙያ በሩ የተዘጋ መሰለ።

በሩን የከፈተው ስክሪን ሪደር ነው፤ ይህም በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ምናሌና አዝራር በድምፅ የሚያነብና ተጠቃሚው በኪቦርድ ብቻ እንዲሠራ የሚያስችል ፕሮግራም ነው። የማኪንቶሽን ሥዕላዊ ስክሪን ለማንበብ በቅድሚያ የበቃው አውትስፖክን በ1989 የወጣው ከሳን ሊያንድሮ ብዙም ከማይርቀው ከበርክሊ ሲሆን፣ ዓይነ ስውራን የድምፅ ባለሙያዎችም በእርሱ እየታገዙ በፕሮ ቱልስ ሠርተዋል። ሆኖም አፕል በ2001 ኦኤስ ቴን የተባለውን አዲስ ሥርዓት ሲያወጣ አውትስፖክን አብሮ ስላልተሻገረ፣ የሠለጠኑ ሰዎች በአንድ የሥርዓት ለውጥ ከሥራ መሣሪያቸው ተለያዩ። አፕል ራሱ በ2005 ቮይስኦቨር የተባለውን ስክሪን ሪደር ይዞ ቢመጣም፣ ፕሮ ቱልስ ከእርሱ ጋር በወጉ እስኪግባባ ድረስ ተጠቃሚዎቹ ለዓመታት መወትወት ነበረባቸው። ይህ በደል የደረሰው በክፋት ሳይሆን በቸልታ መሆኑ ጉዳቱን አያቀልለውም።

ዛሬ መንገዱ ሰፍቷል። ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ ስክሪን ሪደር በ2006 በአውስትራሊያ በዓይነ ስውር ባለሙያ ተጀምሯል፤ ሌላው የዚሁ ፕሮግራም ዋና ሠሪ፣ ዓይነ ስውሩ ጄምስ ቴህ ደግሞ ሪፐር ለተባለው የድምፅ ማረሚያ ኦሳራ የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም ሠርቶ በነፃ አቅርቧል። ለጀማሪ ግን ከ2000 ጀምሮ በነፃ የሚገኘው ኦዳሲቲ የተባለው የድምፅ ማረሚያ ይበቃል። ከሳን ሊያንድሮ በባርት ባቡር ተሳፍሮ ሲቪክ ሴንተር ጣቢያ የሚወርድ ሰው፣ ከጣቢያው በላይ በሚገኘው፣ በ1902 በተመሠረተው የሳን ፍራንሲስኮ ላይትሃውስ ለዓይነ ስውራን የቴክኖሎጂ ሥልጠና የሚሰጥበትን ቦታ ያገኛል።

በኦዳሲቲ አንድ የተደናቀፈ ቃል ለማውጣት አራሚው የቦታ ቁልፉን፣ ማለትም ስፔስን፣ ተጭኖ ቅጂውን ያሰማል፤ ስህተቱ ሲጀምር የግራውን ማዕዘናዊ ቅንፍ፣ ሲያበቃ የቀኙን ይጫናል፤ በዚህም ድምፁ እየሄደ ሳለ የሚቆረጠው ክፍል ይመረጣል። ቅጂውን አቁሞ ሲ የተባለችውን ፊደል ሲጫን ፕሮግራሙ የተመረጠውን ዘልሎ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ስለሚያሰማው፣ ከመቁረጡ በፊት ስፌቱ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ዜድ የተባለችው ፊደል ደግሞ የምርጫውን ጫፎች ሞገዱ ዜሮን ወደሚያቋርጥበት ነጥብ ታስጠጋለች፤ ከዚያ ውጭ የተቆረጠ ድምፅ በመጋጠሚያው ላይ ጠቅ የሚል ጩኸት ሊያሰማ ይችላል። የቀረው ዲሊትን መጫን ነው፤ ካልተስማማም ኮንትሮልና ዜድ የጠፋውን ይመልሳሉ።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የራሱን ምቾትና የራሱን ወጥመድ ያመጣል። ጠ፣ ቀ ወይም ጨ ከመሰማታቸው በፊት አፍ ለቅጽበት ስለሚዘጋ አጭር ዝምታ ይፈጠራል፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ የተደረገ ቁርጥም በጆሮ በቀላሉ አይለይም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ድምፅ ሲጠብቅ ይኸው ዝምታ ይረዝማል፤ ስለዚህ ዝምታውን ትርፍ ነው ብሎ ያሳጠረ አራሚ የጠበቀውን ቃል ሳያስበው ያላላዋል፤ ንግግሩም የባዕድ ሰው ንግግር ይመስላል። የሞገድ ሥዕል እዚህ ላይ ባዶ መስመር ከማሳየት አልፎ አይረዳም፤ የሚፈርደው ቋንቋውን የሚያውቅ ጆሮ ነው።

ያው ጆሮ ግን በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ አለበት፤ የተቀዳውን ያዳምጣል፣ ስክሪን ሪደሩንም ይከታተላል። ስለዚህ ብዙዎች የስክሪን ሪደሩን ንግግር በጣም ያፈጥኑታል፤ የሚቻላቸውም ሁለቱን ድምፆች በተለያዩ መሣሪያዎች ይሰማሉ። በቅጂው ላይ የሚለጠፉ ምልክቶችን በአማርኛ የሰየመ ሰው፣ የመረጠው የንባብ ድምፅ አማርኛ የማያውቅ ከሆነ ፊደሎቹ ሳይነበቡ ሊታለፉበት ይችላሉ። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው የንባብ ድምፅ ፕሮግራም አማርኛን ያነባል፤ ይሁን እንጂ ድምፁ የማሽን ከመሆኑም በላይ ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ ቃላትን አሳስቶ ሊያነብ ይችላል። የዚህ ፕሮግራም የአነባበብ ሕጎችና የቃላት ዝርዝር ለማንም ክፍት ሆነው ስለተቀመጡ፣ የሚጠብቁትን ቃላት ለይቶ የመመዝገቡ ሥራ በአዲስ አበባም ሆነ በሳን ሊያንድሮ ተቀምጦ ሊሠራ ይችላል።