ሣጥኑ ይቅደም፣ እባቡ ይከተል

«እማዬ፣ እባብ እንግዛ?» ብሎ ልጅ ሲጠይቅ አንዱ ወላጅ «በስመ አብ!» ይላል፤ ሌላው «አዑዙ ቢላህ!»። አይፈረድብንም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ! ብዙዎቻችን ያደግነው እባብ ሲታይ ድንጋይ በሚነሳበት አገር ነው። እዚህ ሮመን የተወለደው ልጅ ግን እባብን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ወይም ከጓደኛው ቤት ነው። የድመትና የውሻ ፀጉር የማይስማማው ከሆነ ደግሞ ፀጉር የሌለው እንስሳ ቢመኝ አይገርምም።

እሺም እምቢም ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ፤ ትልቁ ሥራ እባቡ ሳይሆን ቤቱ ነው። ውሻ ቢበርደው ወደ ማሞቂያው ይጠጋል፣ ቢከፋው ይጮኻል። እባብ ግን ዕድሜውን የሚያሳልፈው እናንተ ባዘጋጃችሁለት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቢሞቀውም ቢበርደውም አይናገርም።

ለመሆኑ ይፈቀዳል?

ኖርዌይ እባብ፣ እንሽላሊትና ኤሊ በቤት ማሳደግን ለአርባ ዓመት ያህል ከልክላ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 ለ19 ዝርያዎች ብቻ በሩን ከፈተች። ከእነሱ መካከል ኩርንስኑክ የሚባለው ቀጭኑ የአሜሪካ እባብና ኮንገፒቶን የሚባለው ትንሹ የአፍሪካ ዘንዶ ይገኛሉ። ሁለቱም መርዝ የላቸውም። ዝርዝሩን ማትቲልሲኔት ዘንድ ተመልከቱ። ኮንገፒቶን በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ ቁጥጥር ስለሚደረግበት ያለ ወረቀት አትግዙ። ለጀማሪ ቤተሰብ ኩርንስኑክ ይቀላል።

የኖርዌይ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ብቻውን የእንስሳ ኃላፊ እንዲሆን አይፈቅድም። ስለዚህ «እባቡ የልጁ ነው» ብላችሁ ብትገዙትም ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። በቦረትስላግ ወይም በኪራይ የምትኖሩ ደግሞ ስለ እንስሳት የወጣውን ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ካልገባችሁ ቦርዱን ወይም አከራዩን ጠይቁ።

ልጆች፣ ይህቺ ለእናንተ ናት፤ ሊሎማርካ ጫካ ውስጥ ያያችሁትን እባብ ይዛችሁ ቤት እንዳትመጡ! የኖርዌይ የዱር እባቦች በሕግ የተጠበቁ ናቸው። ሁግኡርም የሚባለው ደግሞ መርዛም ነው።

ስንት በስንት?

ያደገ ኩርንስኑክ ከ120 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። እባብ ሲያሻው ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት። 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ወርድና 60 ከፍታ ያለው ሣጥን ጥሩ መነሻ ነው። የመስታወት ሣጥን ያምራል፣ ግን ሙቀትና እርጥበት ቶሎ ያመልጠዋል፤ የእንጨቱ ወይም የፕላስቲኩ ይሻላል። በሩ ከላይ ሳይሆን ከፊት የሚከፈተውን ምረጡ። ከላይ የሚወርድ እጅ ለእባብ ጭልፊት መስሎ ስለሚታየው ይደነግጣል።

ቁልፍም ይኑረው። እባብ ራሱ ካለፈ ቀሪው አካሉም ያልፋል። አምልጦ ጎረቤት ቤት ቢገኝ ምን እንደሚባል ማሰብ ነው! ያገለገለ ሣጥን ከፊን ብትገዙ በደንብ አጥባችሁ፣ በጀርም ማጥፊያ አጽድታችሁና አድርቃችሁ ተጠቀሙበት፤ ጥቃቅን ደም መጣጭ ተባይ ከድሮው እባብ ሊተርፍ ይችላል።

ሙቀቱ

እባብ የራሱን ሙቀት አያመነጭም። የበላውን ለመፍጨት ሞቃት ቦታ፣ ሲበዛበት ደግሞ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። ለኩርንስኑክ የሣጥኑ አንዱ ጫፍ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ፣ ሌላው ጫፍ ከ21 እስከ 24 ዲግሪ ይሁን። በሁለቱም ጫፍ ቴርሞሜትር አድርጉ። ማሞቂያው ያለ ቴርሞስታት ፈጽሞ አይሰካ፤ እባቡን ያቃጥላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። መብራቱ ውስጥ ከሆነ እባቡ እንዳይጠመጠምበት በሽቦ ይከለል።

በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ መደበቂያ አስቀምጡ፤ ጠበብ ያለ፣ ጎኑን የሚነካው ይሁን። አንድ ብቻ ከሆነ እባቡ ከሙቀትና ከመደበቅ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። ከባድ የውኃ ሳህንና የሚወጣበት ቅርንጫፍ ጨምሩ። ወለሉ ላይ ለእንስሳት የሚሸጥ የአስፕ እንጨት ፍቅፋቂ ይነጠፍ፤ ሽታው የሚጠነክር የጥድ ፍቅፋቂ አይሆንም። በኦስሎ ክረምት የቤት አየር ስለሚደርቅ፣ ቆዳውን በሚቀይርበት ሰሞን ርጥብ ሽበት የተሞላ ክዳን ያለው ዕቃ በር ቀዳችሁለት አስገቡለት፤ ያለዚያ ቆዳው ተቆራርጦ ይቀራል።

የት ይቀመጥ?

መስኮት ሥር፣ ፀሐይ የሚመታው ቦታ ወይም ማሞቂያ አጠገብ አይሁን። ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ሳሎንም አይሆንም፤ ጭስ ለእባብ ሳንባ መጥፎ ነው። ለእንግዳና ለአያትም ቢሆን ራቅ ያለ ክፍል ይሻላል። የሚፈራ ሰው በግድ እንዲነካ አይደረግ።

ንጽሕናውን አጥብቁ። ጤነኛ የሚመስል እባብ ሳልሞኔላ ሊይዝ ይችላል። የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የእባቡ ሳህን በወጥ ቤት መታጠቢያ አይታጠብ። ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካላችሁ ደግሞ እባቡ ለጊዜው ቢቆይ ይመረጣል።

ምግቡ በረዶ የሆነ አይጥ ነው፤ ሲቀልጥና ሲሞቅ ይሰጠዋል። በኖርዌይ እንስሳን በሕይወት እያለ ለሌላ እንስሳ መመገብ ክልክል ነው። አይጡ የት ይቀመጥ? እንጀራና በርበሬ ከምናስቀምጥበት ፍሪዘር ጋር ባይገናኝ ደስ ይለናል። ለብቻው ትንሽ ፍሪዘር ካልተገኘ፣ በጥብቅ የሚዘጋና ስም የተጻፈበት ዕቃ ይሁን።

ሁለት ሳምንት ባዶውን

ሁሉ ነገር ሲሟላ እባቡን ገና አታምጡ። ማሞቂያውን አብሩ፣ ውኃውን ሙሉ፣ ለልጁም ደብተር ስጡት። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ጠዋትና ማታ የሁለቱን ጫፍ ሙቀት ይጻፍ፣ ውኃውን ይቀይር። እናንተም ቁጥሮቹን እዩ። ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ካለ የማስተካከያ ጊዜ አላችሁ፤ ውስጡ የሚጎዳ ነፍስ የለም።

ደብተሩ ሌላም ነገር ይነግራችኋል። ኩርንስኑክ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይኖራል። ዛሬ 10 ዓመት የሆነው ልጅ ለትምህርት ቤርገን ወይም ትሮንድሃይም ሲሄድ እባቡ ከእናንተ ጋር ይቀራል። በበጋ ለአንድ ወር አዲስ አበባ ስትሄዱስ ሙቀቱንና ውኃውን ማን ያያል? የዚያን ሰው ስም ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ።

ሁለት ሳምንቱ ሳያልቅ ደብተሩ ከተረሳ፣ ልጁን አትቆጡ። ሣጥኑ መልሶ ይሸጣል፤ ከሮመን አንድ ፌርማታ ርቃ ያለችው የስቶቭነር ዳይክማን ቤተ መጻሕፍትም መጽሐፍ በነፃ ታውሳለች። ገጾቹ ከሞሉ ግን፣ ቢያስፈራችሁም፣ ልጁ ቃሉን ጠብቋል፤ እናንተም ጠብቁለት።