ልብስ በሴንቲሜትር የሚለካ ሕግ የለም

ሰሞኑን በየግሩፑ የሚዞር ጽሑፍ አለ። «እንግሊዝ በአዋቂዎች ቻት ቴሌቪዥን የሚቀርቡ ሴቶችን ልብስ በሴንቲሜትር የሚለካ ሕግ አላት» ይላል። ልተወው ነበር። ዛሬ ግን እዚሁ ለንደን ሥራ ቦታ፣ ስርጭት እንዲከታተል የተቀጠረ ልጅ ይህንኑ ለአዲስ አቅራቢ እንደ ሕግ ሲያስረዳ ሰማሁ። የምተዳደረው ስርጭት ደንብ መጠበቁን በማየት ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በቁጥር ልሂድበት።

1. የአዋቂዎች ቻት ፕሮግራም አይደለም፤ ማስታወቂያ ነው። ሁሉም ከዚህ ይጀምራል። ሴትየዋ ስክሪን ላይ የምትቀመጠው በደቂቃ ውድ ሂሳብ የሚያስከፍለው ስልክ እንዲደወል ነው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 በኦስትሪያው ብሮድካስተር ኦአርኤፍ ጉዳይ እንዲህ ያለ የስልክ ገቢ ላይ የቆመ ስርጭት ቴሌሾፒንግ (በቴሌቪዥን የሚደረግ ሽያጭ) ሊባል እንደሚችል ወሰነ። የእንግሊዝ የስርጭት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኦፍኮምም ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2010 ጀምሮ የቻት ቻናሎቹን ከፕሮግራም ደንብ አውጥቶ ወደ ማስታወቂያ ደንብ አዛወራቸው። ሌላው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ቅሬታ የሚታየው በማስታወቂያ ደረጃዎች ባለሥልጣን ነው፤ ይህኛውን ግን ኦፍኮም ራሱ ይዞት ቀረ። ስለዚህ የአለባበስ ሕግ ብላችሁ ብትፈልጉ አታገኙም። የምታገኙት ሁለት የማስታወቂያ መርሆች ናቸው፦ ማስታወቂያ በኅብረተሰቡ ተቀባይነት ካገኘው ሥነ ምግባር አንጻር ከባድ ወይም ሰፊ ቅሬታ እንዳይፈጥር፣ ልጆችን ሊጎዳ የሚችል ከሆነ ደግሞ በሰዓት እንዲገደብ።

2. ሰዓትና ቦታ። የአዋቂዎች ቻት የሚፈቀደው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11፡30፣ ያውም በቻናል ዝርዝሩ ውስጥ ለአዋቂዎች በተለየው ክፍል ብቻ ነው። ከፍለው በፒን የሚከፍቷቸው የአዋቂ ቻናሎች ሌላ ናቸው፤ እነሱ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ የበለጠ ይፈቀድላቸዋል። የቻት ቻናል ግን አልተቆለፈም። ሪሞት የያዘ ልጅ ቻናል ሲቀያይር ዘው ሊልበት ይችላል። ጥብቅ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው። ደግሞም 3 ሰዓት ስለሞላ ብቻ በአንድ ጊዜ ወደ ከባዱ መዝለል አይቻልም፤ ሽግግሩ ቀስ በቀስ መሆን አለበት።

3. ልብሱ። ኦፍኮም በጃንዋሪ 2011 መመሪያ አወጣ፣ በ2012 አሻሻለው። የአዋቂዎች ላልሆነው ለቀኑ ቻት፣ ልብስ ሰውነትን፣ በተለይ ጡትን፣ ሐፍረተ ሥጋንና መቀመጫን በበቂ ሁኔታ መሸፈን አለበት ይላል። ለሌሊቱ ደግሞ የሐፍረተ ሥጋ ዝርዝር በየትኛውም ሰዓት አይታይም። «በበቂ ሁኔታ» ነው የሚለው። ሴንቲሜትር የሚባል ነገር የለበትም!

ስለ ልብስ ስንጨቃጨቅ የምንዘነጋው ካሜራውን ነው። መመሪያው ስለ ጨርቅ ብቻ አይናገርም። አቅራቢዋ ሰውነቷን እንዴት እንደምትዳስስ፣ እንቅስቃሴዋ የወሲብ ድርጊት መምሰል አለመምሰሉን፣ ካሜራው የት ተጠግቶ ምን ያህል እንደሚቆይ ይመለከታል። ረጅም ሱሪ ለብሳ ደንብ የሚጣስበት ስርጭት አለ፤ አጭር ቀሚስ ለብሳ ምንም ጥፋት የሌለበትም አለ። ታዲያ ካሜራውን የያዘው ማን ነው? ምስሉን የሚመርጠው፣ «ጠጋ በል» ብሎ የሚያዘው ማን ነው? እሷ አይደለችም።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ፈቃዱ የኩባንያው ነው፤ ደንቡ የሚያስረው ፈቃድ የያዘውን ነው፤ ቅጣቱም የእሱ ነው። ኦፍኮም አቅራቢን አይቀጣም። ስሙን የማልጠራው አንድ ኩባንያ ግን ማስጠንቀቂያ በመጣ ቁጥር አቅራቢዎቹን ሰብስቦ ይገስጻል፣ ፈረቃ ይቀንስባቸዋል። የዚያን ሌሊት ካሜራ ላይ የነበረው ሰው አይጠየቅም። አንዷን ልጅ «አለባበስሽ ነው» ብለው አሰናበቷት፤ ቅጂውን አይቼዋለሁ፣ ልብሷ ምንም አልነበረበትም፤ ጥፋቱ ያለ ምክንያት ወደ ታች ወርዶ የቆየው ካሜራ ነበር። ጽፌ አስገባሁ። መልስ የለም። ያ የሴንቲሜትር ወሬ የሚጠቅመው እንዲህ ያሉትን አለቆች ነው፤ ጥፋቱን ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ አንስቶ በሴትየዋ ቀሚስ ላይ ይጥልላቸዋል።

ኦፍኮምንም አላልፈውም። «በበቂ ሁኔታ» ብሎ ጽፎ የቃሉን ትርጉም በየውሳኔው እያንጠባጠበ ያወጣል። ውሳኔው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታተመው ስርጭቱ ካለፈ ከወራት በኋላ ነው። ቀጥታ ስርጭት ላይ ሌሊት 7 ሰዓት የተቀመጠ ሠራተኛ ያን ሁሉ የውሳኔ ቡለቲን አንብቦ ከምስሉ ጋር እንዲያመሳክር ይጠበቃል። በስዕል የተደገፈ፣ ለካሜራ ሠራተኛ የተጻፈ አጭር ማብራሪያ ማዘጋጀት ይህን ያህል ምን ይከብዳል? ቁጥር አውጡ ማለቴ አይደለም። ቁጥር ቢወጣ ሁሉም እስከ ጫፏ ይሄዳል፣ ካሜራው ደግሞ እንደ ልቡ ይሆናል።

«ቁጥጥር የሚባል ነገር የለም» የምትሉም ተሳስታችኋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ባንግ ቻናልስ እና ባንግ ሚዲያ የተባሉ ሁለት ኩባንያዎች በተደጋጋሚ ጥሰት በጁላይ 157,250 ፓውንድ ተቀጡ፤ በኖቬምበር ፈቃዳቸው ጭራሽ ተሰረዘ። ከጥፋታቸው አንዱ የስርጭት ቅጂ ሲጠየቁ አለማቅረብ ነበር። ለእንዲህ ያለ ፈቃድ የቅጣቱ ጣሪያ 250,000 ፓውንድ ወይም ከተወሰነ ገቢው 5 በመቶ ነው፤ የሚወሰደው ከሁለቱ የሚበልጠው ነው።

እንግሊዝ ያላችሁ፣ ቅር ያሰኛችሁ ነገር ካያችሁ ስክሪን ፎቶ አንስታችሁ ግሩፕ ላይ አትልቀቁት። ለኦፍኮም ጻፉ፦ የቻናሉ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ያያችሁት። ስለ ካሜራውም ጻፉ፣ ስለ ልብሱ ብቻ አይደለም። ኦፍኮም ቅሬታው በ20 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲደርሰው ይፈልጋል፤ ቻናሎቹም ቅጂ የማቆየት ግዴታቸው ለ60 ቀን ብቻ ነው። የስልክ ሂሳቡ ጉዳይም ቢሆን ዱሮ ሌላ መሥሪያ ቤት ነበር የሚያየው፤ ከፌብሩዋሪ 2025 ወዲህ እሱም ወደ ኦፍኮም ተጠቃሏል።