ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ለሚሄድ መንገደኛ

ሐይቅ እስጢፋኖስ ደሴት መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። የሐይቁ ውኃ እየሸሸ ሄዶ ገዳሙ ያለበት መሬት በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ስለተገናኘ፣ ዛሬ ሰው ታንኳ ሳይፈልግ በእግሩ ይደርሳል። የመግቢያው ሥርዓት ግን ከውኃው ጋር አልሸሸም። ስለዚህ የሚሄድ ሰው ከመንገዱ ይልቅ ስለ በሩ ቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል።

ሐይቁ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት አጠገብ፣ በተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ ይገኛል። ከኩታበር የሚነሳ ሰው መጀመሪያ በቦሩ ሜዳ በኩል ወደ ደሴ ይወርድና ከዚያ የሐይቅ ከተማን መኪና ይይዛል። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውሮፕላን ለሚመጣ ቅርቡ አየር ማረፊያ ኮምቦልቻ ሲሆን፣ ከዚያ እስከ ደሴ ያለው ዳገት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከሐይቅ ከተማ እስከ ገዳሙ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ባጃጅ ይወስዳል፣ ጊዜ ያለውም በእግሩ ይሄደዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት መንገዶች በድንገት የሚዘጉበት ጊዜ ስላለ፣ የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳት በፊት ባለው ምሽት ሳይሆን በዚያው ጠዋት ከመናኸሪያ ሾፌሮች መጠየቅ ይበጃል። ከሩቅ ከሚሰማ ወሬ ይልቅ ዛሬ ደርሶ የተመለሰ ሾፌር የሚናገረው ይታመናል።

ከውጭ አገር የሚመጣ ጎብኚ የኢትዮጵያን ቪዛ በኢንተርኔት ጠይቆ ማግኘት ይችላል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የያዘ ሰው ደግሞ ቪዛ አያስፈልገውም። ሁለቱም በየኬላው ሊጠየቁ ስለሚችሉ ፓስፖርቱንም መታወቂያውንም ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪስ ውስጥ መያዝ አለባቸው። ለአገሬው ሰውም ቢሆን መታወቂያ ሳይዙ መውጣት ጥሩ አይደለም።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ ገዳሙ የወንዶች መሆኑና ሴት የማትገባበት መሆኑ ነው። ይህ በገንዘብም ሆነ በልመና የሚለወጥ ነገር አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚሰማው በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ጉዞ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን አስቀድመው አለመናገራቸው ያስወቅሳቸዋል። እናትና ልጆቿ አብረው ከሄዱ ወንዶቹ ሲሳለሙ ሴቶቹ የሚቆዩበትን የሐይቅ ዳር ቦታ ቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ሴቶች እስከ የት ድረስ መቅረብ እንደሚችሉም የበሩን ጠባቂ መጠየቅ ነው።

በሩ ላይ የሚደረገው ቀላል ነው። እንግዳው ከየት እንደመጣና ለምን እንደመጣ ይጠየቃል። መነኩሴ ሲያገኝ ዝቅ ብሎ «አባቴ ይፍቱኝ» ይላል፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» የሚለውን ከሰማ በኋላ መስቀል ይሳለምና ጉዳዩን ይናገራል። ቁምጣ ለብሶ መሄድ አይገባም። ነጠላ ያለው ያጣፋል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ፎቶ ማንሳት ያለ ፈቃድ አይሆንም፤ ቅርስ ለማየትም የገዳሙ አባቶች መልካም ፈቃድ ያስፈልጋል። ቁልፍ የያዙት አባት ጸሎት ላይ ከሆኑ መጠበቅ እንጂ ሰው ልኮ ማስቸኮል ነውር ነው።

መጠበቁ ግን ያዋጣል። ገዳሙ በትውፊት ከ9ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ቦታ ሲሆን፣ ስሙ የገነነው በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከደብረ ዳሞ በመጡት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ነው። አባ ተክለ ሃይማኖት ከመነኮሱባቸውና ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባለ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበረው። በ1280 ወይም በ1281 እ.ኤ.አ. የተጻፈው የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በኢትዮጵያ ዘመናቸው በርግጠኝነት ከታወቁት ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት መካከል ነው። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሐይቁን፣ በመካከሉ ያለችውን ደሴትና የእስጢፋኖስን ገዳም ገልጿል፤ መነኮሳቱ ቅል በታሰረበት የደንገል ታንኳ ይሻገሩ እንደነበርም ጽፏል። በ1531 እ.ኤ.አ. የኢማም አሕመድ ጦር ወደ ደሴቲቱ ለመድረስ የውኃ መሻገሪያ ማበጀት ግድ ሆኖበታል። ዛሬ በባጃጅ የሚደርስ እንግዳ ይህን ቢያስታውስ ቦታው ለምን ለምናኔና ለንብረት ማኖሪያ እንደተመረጠ ይገባዋል።

ሐይቁ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስላለ በካርታ ከሐሩር ክልል ነው፤ ነገር ግን ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ማታው ይቀዘቅዛል። ከኩታበር ደጋ ለሚወርድ ሰው የሚሞቅ፣ ከአፋር በረሃ ለሚመጣ የሚበርድ አገር ነው። ለመሄድ የሚመቸው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው፤ በክረምት ጭቃው፣ በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ የበልጉ ዝናብ ሊያስቸግር ይችላል። ኅዳር 26 የአባ ኢየሱስ ሞዐ ዕረፍት ስለሚከበር ያን ቀን ምእመን ይበዛል። በዓሉን ለማክበር ለሚሄድ ጥሩ ነው፤ ቅርስ በእርጋታ ማየት ለሚፈልግ ግን ሌላ ቀን ይሻላል።

የሐይቁ ውኃ ሲያዩት ለዋና ይጋብዛል፤ በአካባቢው ግን ቢልሃርዝያ ስላለ፣ በተለይ ሣርና ደንገል በበዛበት ዳርቻ መግባት አይመከርም። ከክረምት በኋላ ወባ ስለሚያሰጋ፣ ኮምቦልቻ ወይም ከዚያ ዝቅ ባለ ቆላ የሚያድር ሰው አጎበር ቢጠቀም ይበጃል።

ምግብ በሐይቅ ከተማ ይገኛል፤ ዝናው የዓሣ ነው። የሚበዛው ቆሮሶ ሲሆን፣ ዓሣው ሐይቁ ውስጥ የተለቀቀው በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ስለሆነ ዕድሜው ከገዳሙ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ወሎ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው ሲጓዙ በማን የታረደ ሥጋ ይበላ የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ ዓሣ የሚታረድ ባለመሆኑ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። በረቡዕ፣ በዓርብና በአጽዋማት ግን ዓሣ የማይበላ ጿሚ ብዙ ስለሆነ፣ ጋባዡ ሽሮም አብሮ ማዘዝ ይኖርበታል።

ለገዳሙ የሚሰጥ ገንዘብ ካለ በሙዳየ ምጽዋት ይከተታል ወይም ለኃላፊው አባት ይሰጣል፤ ጧፍና ዕጣን ይዞ መሄድም የተለመደ ነው። መመለሻ መኪና እየመሸ ሲሄድ ይቀንሳል። ኩታበር ማደር ያለበት ሰው ደሴ ደርሶ ሌላ መኪና መያዝ ስላለበት ከሐይቅ ከተማ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ቢነሳ ይሻለዋል፤ ያመለጠው ደግሞ ደሴ አልጋ ይዞ ያድራል።