የብረት መሳያ መኪና ሲሸጥና ሲተከል ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠር ምሳርና ማጭድ ከጥንት ጀምሮ የሚሳለው በድንጋይና በሞረድ ነው። ኤሌክትሪክ በገባበት ከተማ ግን በግቢው አነስተኛ የሥራ ቤት ያለው ሰው፣ በጠረጴዛ ላይ የሚታሰረውን ግራይንደር የተባለውን የብረት መሳያ መኪና መግዛት ይፈልጋል። መኪናው ሥራን ያቀላል፤ በአተካከሉ ስሕተት ከተፈጸመ ግን ዓይን ያጠፋል፤ ጣትም ይቆርጣል። ዕቃውን የሚያስመጣውና የሚሸጠው ነጋዴ ስለ ሆነ፣ የአተካከሉን ደንብ ማወቅ ለገዢው ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

አደጋው የሚመጣው በተለይ ከድንጋዩ ነው። ድንጋዩ በደቂቃ እስከ 2,900 ጊዜ ያህል ይዞራል። ስፋቱ 150 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጠርዙ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፤ 200 ሚሊ ሜትር ቢሆን ወደ 110 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ድንጋዩ የተሠራው እርስ በርሳቸው ከተጣበቁ ጠንካራ ቅንጣቶች ስለ ሆነ፣ ቢወድቅ ወይም ቢጋጭ እንደ ጀበና ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ድንጋይ ሲዞር ቢፈርስ ስባሪው በዚያው ፍጥነት ይወረወራል።

አስመጪው ዕቃውን ከማዘዙ በፊት ሁለት ነገር መመልከት ይገባዋል። በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው፤ ስለዚህ ለ110 ቮልትና ለ60 ሄርዝ የተሠራ መኪና አይስማማም። ሁለተኛም፣ በድንጋዩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የተጻፈው ከፍተኛ የዙር ብዛት፣ በመኪናው ላይ ከተጻፈው ማነስ የለበትም። መኪናውና መለዋወጫ ድንጋዩ ከተለያየ ፋብሪካ ሲገዙ ይህን ማስተያየት ይዘነጋል።

ባለሱቁም በበኩሉ ድንጋዩን መፈተን አለበት። ዕቃው ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ፣ በአዲስ አበባ አልፎ፣ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ ቡሬ እስኪደርስ ብዙ ይንገላታል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ሴቶች በገበያ ድስት ሲገዙ አንኳኩተው እንደሚያዳምጡት ያለ ነው። ደረቁን ድንጋይ በቀዳዳው በጣት አንጠልጥሎ፣ ጎኑን በእንጨት እጀታ በቀስታ መምታት ነው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ግን ዋጋው ቢያሳዝንም መሸጥ አይገባም።

መኪናው ሲተከል የሚከተሉት ደንቦች ይጠበቃሉ።

1ኛ/ ጠረጴዛው ከባድና የማይነቃነቅ ይሁን፤ መኪናውም በብሎን ይታሰር። የእሳት ፍንጣሪ ስለሚረጭ ጭድ፣ ሣርና ቤንዚን ከአጠገቡ ይራቁ። ሕፃናት የሚመላለሱበት ቦታም አይሁን።

2ኛ/ ሶኬቱ የመሬት ሽቦ ያለው ይሁን። ድንጋይ ሲለወጥ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም፤ ሽቦው ከሶኬቱ ይነቀል።

3ኛ/ ከድንጋዩ ግራና ቀኝ ያለው ክብ ወረቀት አይጣል፤ የብረቱን ጫና በድንጋዩ ላይ የሚያስተካክለው እርሱ ነው። ዳዶውም ድንጋዩን እስኪይዝ ብቻ ይጥበቅ፤ ከመጠን ያለፈ ማጥበቅ ድንጋዩን ይሰነጥቃል። በግራ በኩል ያለው ዳዶ ከተለመደው በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚጠብቅ መዘንጋት አይገባም።

4ኛ/ ብረቱ የሚያርፍበት ማስደገፊያ ከድንጋዩ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አይራቅ፤ ከላይ ያለው መከላከያም ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ አይራቅ። ክፍተቱ ከሰፋ ድንጋዩ የሚሳለውን ዕቃ ከጣት ጋር ወደ ውስጥ ይስበዋል። ድንጋዩ እያለቀ ሲሄድ ክፍተቱ ስለሚሰፋ፣ መኪናው ቆሞ እንደገና ይስተካከል።

5ኛ/ አዲስ ድንጋይ እንደ ታሰረ፣ መከላከያው በቦታው ሆኖ፣ ሰው ከፊቱ ሳይቆም አንድ ደቂቃ በባዶው ይዙር። የተደበቀ ስንጥቅ ካለ በዚህ ጊዜ ሊገለጥ ይችላል።

ሥራ ሲጀመር የዓይን መከላከያ መነጽር ግዴታ ነው። ጋቢና ነጠላ ይውለቁ፤ ሰፊ እጅጌም ይታሰር፤ የጨርቅ ጓንትም አይደረግ፤ ድንጋዩ ጨርቁን ከያዘ እጁን አይለቅምና። አሉሚኒየምና እንጨት የድንጋዩን ቀዳዳ ስለሚደፍኑ በእርሱ አይሳሉም። በድንጋዩ ጎን መሳልም አይገባም። ማጭዱ ሳይጫኑት በቀስታ ይነካ፤ በየጊዜውም በውኃ ይንከር፤ ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ በሙቀት ብዛት ጥንካሬውን አጥቷልና ስለቱ አይበረክትም።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። በሥራ ቤቱ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ይህን የሚነግረው ሌላ ማንም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ባለሱቁ ሣጥኑን በገዢው ፊት ከፍቶ፣ ድንጋዩን አንኳኩቶ ማሰማት፣ የዙሩን ቁጥር ማሳየት፣ መነጽሩንም አብሮ ማቅረብ ይገባዋል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ለዚህ የሚጠፋው ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ የሚያተርፈው ግን ድንጋይ ሲያልቅበት በሙሉ ጤና ወደዚያው ሱቅ የሚመለስ ደንበኛ ነው።