ሥራ ያልፈታ አደባባይ፤ በፍሎሬንስ ከተማ በጥንታዊ ትንሽ ሆቴል ስለ ማደር

ወደ ኤውሮጳ ከተማ ለሁለት ወይም ለሦስት ሌሊት ብቻ የሚሄድ መንገደኛ ምን ምን እንደሚጐበኝ አስቀድሞ ሲያጠና፣ የት እንደሚያድር ግን ብዙ ጊዜ ዋጋውን ብቻ አይቶ ይወስናል። ወር ሙሉ ለሚሰነብት ሰው ማደሪያው የጓዝ ማኖሪያና የእንቅልፍ ቦታ ብቻ ቢሆን ብዙ ጕዳት የለበትም፤ ዕድሜው አጭር በሆነ ጕዞ ግን ከጊዜው ሲሶው የሚያልፈው በዚያው ጣራ ሥር ነውና፣ ማደሪያው ራሱ ከሚጐበኘው ነገር የሚቈጠር ካልሆነ ሲሶው ጕዞ በከንቱ አለፈ ማለት ነው። በዘመናችን የተሠሩት ታላላቅ ሆቴሎች ምቾታቸው የተመሰከረለት ቢሆንም፣ ይህ ምቾት በየአገሩ አንድ ዐይነት እንዲሆን ታስቦ የተዘጋጀ ስለ ሆነ፣ መጋረጃውን ጋርዶ የተኛ እንግዳ ሌሊት ቢነቃ ያለበትን አገር የሚያስታውሰው ነገር በክፍሉ ውስጥ አያገኝም። ጥንታዊው ትንሽ ሆቴል ግን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ለእንግዳ የተሠራ አይደለም፤ ለመኰንን መኖሪያ፣ ለነጋዴ ቤት ወይም ለመነኰሳት ማኅበር ታንጾ፣ ዘመን ሲለወጥ ሥራውን የለወጠ ቤት ነው፤ ስለዚህም በውስጡ የሚያድር ሰው የከተማውን ታሪክ ከውጭ ሆኖ ከመመልከት አልፎ ገብቶ ያድርበታል።

በኢጣልያ አገር እንዲህ ያሉ ቤቶች የበዙበት ምክንያት ግልጥ ነው። የኢጣልያ መንግሥት አንድ ከሆነ በኋላ በ1866 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) በወጣው ሕግ ብዙ የመነኰሳት ማኅበራት ፈርሰው ንብረታቸው ለመንግሥት ገቢ ሲሆን፣ ገዳማቱ ከፊሎቹ ትምህርት ቤት፣ ከፊሎቹ የወታደር ሰፈር፣ ከፊሎቹም እያደር የእንግዳ ማደሪያ ሆኑ። በሌላም ወገን፣ ገቢያቸው ያነሰባቸው ባለ ሰፊ ቤት ቤተ ሰቦች ክፍሎቻቸውን ከነምግቡ ለውጭ አገር ሰዎች ማከራየት ጀመሩ፤ ፔንሲዮኔ የሚባለውም ማደሪያ ይህ ነው። የእንግሊዙ ደራሲ ፎርስተር በ1908 ያሳተመው ዝነኛ ልብ ወለድ የሚጀምረው በፍሎሬንስ ፔንሲዮኔ ውስጥ፣ ወንዙን የሚያሳይ ክፍል ተስፋ ተሰጥቷቸው ወደ ውስጥ ግቢ የሚያይ ክፍል በደረሳቸው ሁለት ሴቶች ቅሬታ ነው፤ ያም ቅሬታ ከመቶ ዓመት በኋላ ዛሬም በየሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ፊት ይሰማል።

ለዚህ ሁሉ ምሳሌ የሚሆን ቦታ እንምረጥ ብንል፣ በዚያው በፍሎሬንስ ከሚገኘው ከሳንቲሲማ አኑንዚያታ አደባባይ የተሻለ አናገኝም። አደባባዩ ስሙን የወረሰው በራስጌው ከቆመችው፣ በብሥራተ ገብርኤል ስም ከተሰየመችው ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ ክርስቲያኗን የመሠረቱት፣ በ1233 ዓ.ም. ሰባት የከተማው ነጋዴዎች ንግዳቸውን ትተው ያቋቋሙት፣ ሰርቪቲ የተባለው የማርያም አገልጋዮች ማኅበር መነኰሳት ናቸው። በትውፊት እንደሚነገረው በ1252 የብሥራቱን ሥዕል ይሥል የነበረው መነኵሴ የእመቤታችንን ፊት መሣል ተስኖት ሲጨነቅ እንቅልፍ ወሰደው፤ በነቃም ጊዜ ፊቷ በመልአክ እጅ ተሥሎ ተፈጽሞ አገኘው። የፍሎሬንስ ሰዎች ለዚህ በዓል የነበራቸው ክብር እስከዚህ ድረስ ነበርና፣ እስከ 1749 ድረስ ዘመን የሚለውጡት በጥር መባቻ ሳይሆን ብሥራቱ በሚከበርበት በማርች 25 ቀን ነበር። በዓለ ጽንሰትን መጋቢት 29 ቀን የሚያከብር ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲሰማ አይደነቅም፤ መጋቢት 29 በቀድሞው በዩልዮስ አቈጣጠር ያው ማርች 25 ነውና።

ከቤተ ክርስቲያኗ በስተ ምሥራቅ ያለውን ወገን የያዘው፣ ተጥለው የሚገኙ ሕፃናት እንዲያድጉበት የታነጸው የኢኖቼንቲ ቤት ነው። ወጪውን የቻለው የሐር ሠሪዎችና ነጋዴዎች ማኅበር ሲሆን፣ ሥራውን በ1419 የጀመረው የከተማይቱን ታላቅ ጕልላት ያቆመው ሊቀ ጠበብት ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ ነው። በአደባባዩ ፊት የዘረጋው ባለ ዘጠኝ ቅስት በረንዳ ሲያዩት ዐይን የሚያሳርፍበት ምሥጢር በልኩ ነው፤ የዓምዱ ቁመት፣ በዓምድና በዓምድ መካከል ያለው ስፋት፣ ከዓምዱም እስከ ግድግዳው ያለው ጥልቀት አንድ ልክ ነውና፣ በበረንዳው ሥር የሚሄድ ሰው ሳያውቀው ከአንዱ እኩል ክፍል ወደ ሌላው እኩል ክፍል እየተላለፈ ይራመዳል። ከዓምዶቹ በላይ፣ በቅስትና በቅስት መካከል፣ አንድሬአ ዴላ ሮቢያ ከሸክላ ሠርቶ ያኖራቸው ነጫጭ ሕፃናት በመጠቅለያ ጨርቅ እንደ ተጠቀለሉ በሰማያዊ መደብ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ይታያሉ።

ቤቱ ተከፍቶ የመጀመሪያይቱን ሕፃን የተቀበለው በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1445 ሲሆን፣ ዕለቱ የቅድስት አጋታ በዓል ነበረና ልጅቱ አጋታ ተባለች። ከዚያ በኋላ እስከ 1875 ድረስ፣ ልጃቸውን ማሳደግ ያቃታቸው እናቶች ማንነታቸው ሳይታወቅ ሕፃናቱን በበረንዳው ሥር ያስረክቡ ነበር። አንዳንዶቹም አንድ ቀን ተመልሰው ልጃቸውን ለመለየት ተስፋ በማድረግ ሜዳልያ ለሁለት ሰብረው፣ ግማሹን ከሕፃኑ ጋር ትተው ግማሹን ይዘው ይሄዱ ነበር። ዛሬ ቤቱ ውስጥ ባለው ሙዚየም ትናንሽ መሳቢያዎችን እየሳበ እነዚህን ግማሽ ሜዳልያዎች የሚመለከት ጐብኚ፣ ከታላላቆቹ ሥዕሎች ፊት ከቆመበት ጊዜ ይልቅ እዚህ ዘለግ አድርጎ ቢቆም አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ሆቴሉ እንመለስ። ከኢኖቼንቲ ቤት ትይዩ ያለው የምዕራቡ ወገን የሰርቪቲ መነኰሳት ነበር፤ እነርሱም ከ1516 ጀምሮ አንቶኒዮ ዳ ሳንጋሎ ታላቁና ባቾ ዳኞሎ የተባሉትን ሁለት የሕንፃ ጠበብት ቤት ያሠሯቸው ጀመር። በዚያ ዘመን የፍሎሬንስ ጠበብት እርስ በርሳቸው በመብለጥ የሚታወቁ ነበሩ፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ከመቶ ዓመት ያህል በፊት ብሩኔሌስኪ የሠራውን በረንዳ የሚበልጥ ነገር ለመሥራት ሳይሞክሩ፣ ቅስቱን በቅስት፣ ዓምዱን በዓምድ መልሰው እንደ መልክና መስተዋት ፊት ለፊት አቆሙት። በ1600 ገደማ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኗ ተመሳሳይ በረንዳ ሲጨመርላት፣ አደባባዩ በሦስት ወገን በአንድ ቃል የሚናገር ሆነ። ዛሬ በምዕራቡ በረንዳ ሥር ገብቶ ለመነኰሳት በተሠራው ቤት ማደር የሚፈልግ መንገደኛ፣ ሎጃቶ ዴይ ሰርቪቲ የሚባለውን ትንሽ ሆቴል በር ያንኳኳል።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሚያድር ሰው አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ክፍሎቹ አንዱ ካንዱ አይመሳሰሉም፤ ጣራው የተቈለመመ፣ ወለሉ ከተተኰሰ ሸክላ የተነጠፈ፣ ግድግዳው የበጋውን ሐሩር የሚመክት ወፍራም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አንዱ ክፍል ሰፊ ሲሆን ሌላው በዚያው ዋጋ ጠባብ ሆኖ ቢገኝ፣ ግድግዳውን ማፍረስ በሕግ የተከለከለ ነውና ባለ ሆቴሉ የሚያደርገው ነገር የለም። ሊፍት ቢኖር እንኳ በኋለኛው ዘመን በጠባብ ቦታ የገባ ስለ ሆነ፣ ሁለት ሰውና ሁለት ሻንጣ ባንድ ጊዜ ላይችል ይችላል። ስለዚህ ክፍል ሲይዙ ስንተኛ ፎቅ እንደ ሆነ፣ ሊፍቱ እስከዚያ ይደርስ እንደ ሆነ፣ መስኮቱም ወደ አደባባዩ ወይስ ወደ ውስጥ እንደሚያይ በግልጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። ወደ አደባባይ የሚያየው ክፍል ዕይታው ያማረ ነው፤ የደወሉና የማታው ጨዋታ ድምፅም አብሮት ይመጣል። እንቅልፈ ቀላል የሆነ ሰው የውስጡን ክፍል ቢመርጥ ይሻለዋል።

የሥርዐቱም ነገር እንዲሁ አይዘነጋ። በኢጣልያ ማንኛውም ሆቴል በ1931 ከወጣው የጸጥታ ጥበቃ ሕግ የተነሣ የእንግዳውን ማንነት በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማስታወቅ ግዴታው ነውና፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ፓስፖርት ሲጠየቅ መንገደኛ መቀየም የለበትም። በጀርመን፣ በስዊድን ወይም በሆላንድ የሚኖር የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው፣ ፓስፖርቱን ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር ካሳየ ለአጭር ጕብኝት ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም። ፍሎሬንስ ከ2011 ጀምሮ በእያንዳንዱ ሰውና በእያንዳንዱ ሌሊት የሚታሰብ የማደሪያ ቀረጥ ታስከፍላለች፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከክፍሉ ዋጋ ተለይቶ በመጨረሻ ስለሚጠየቅ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። መኪና ይዞ የሚመጣ ደግሞ ከሁሉ ይጠንቀቅ፤ የከተማው እምብርት ያለ ፈቃድ መኪና እንዳይገባበት በካሜራ የሚጠበቅ ስለ ሆነ፣ ቅጣቱ ጕዞው ከተረሳ በኋላ በፖስታ ይደርሳል።

በዚህ አደባባይ ያደረ ሰው ከተማውን በእግሩ ይደርስባታል። የሰርቪቲ መንገድ የተባለው ጐዳና ከአደባባዩ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ሲወርድ በመጨረሻው የሚታየው በ1436 የተፈጸመው የብሩኔሌስኪ ጕልላት ነው። የሚኬላንጄሎ የዳዊት ሐውልት ከ1873 ጀምሮ የቆመበት አካደሚያ፣ መነኵሴው ሠዓሊ ፍራ አንጀሊኮ በየመነኰሳቱ በኣት ግድግዳ ላይ የሣለበት የሳን ማርኮ ገዳም፣ ሁለቱም የጥቂት ደቂቃ መንገድ ናቸው። ኢትዮጵያዊ ጐብኚ ግን ከሌላው የበለጠ የሚፈልገው ነገር አለው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ በ1441 ዓ.ም.፣ በኢየሩሳሌም ከነበረው የኢትዮጵያውያን ገዳም የተላኩ መነኰሳት ወደዚህች ከተማ መጥተው፣ ፓፓ ኤውጌንዮስ 4ኛ በሰበሰበው ጉባኤ ፊት ቀርበዋል፤ በዚያን ጊዜ የኢኖቼንቲ ቤት ገና በመሠራት ላይ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ የተባለው ሠዓሊ ከተማይቱን ይገዙ ለነበሩት ለሜዲቺ መሳፍንት በየአገሩ የታወቁትን ሰዎች መልክ ሲሥል፣ ዐፄ ልብነ ድንግልንም ከእነርሱ ጋር ሥሏል፤ በኡፊዚ ቤተ ሥዕል የዚህ ስብስብ ምስሎች ከፍ ብለው ከጣራው ሥር ስለ ተሰቀሉ፣ ቀና ብሎ የማይሄድ ሰው ሳያያቸው ያልፋል።

በቀን ብቻ ደርሶ የሚመለሰው ጐብኚ ይህን አደባባይ የሚያገኘው በሰው ተሞልቶ ነው፤ በዚያ ያደረ ግን ማለዳ ወጥቶ ከመካከሉ ካለው የመስፍኑ የፈርዲናንዶ 1ኛ የፈረስ ሐውልት ጋር ብቻውን መገናኘት ይችላል። ጃምቦሎኛ ጀምሮት ደቀ መዝሙሩ ፒየትሮ ታካ በ1608 የፈጸመው ይህ ሐውልት ከቱርኮች መርከቦች በተማረኩ መድፎች ነሐስ የፈሰሰ ነው። ከእግሩ በታች አንዲት ንግሥት ንብ በብዙ ሠራተኛ ንቦች ተከባ ተቀርጻለች፤ ንቦቹን ሳይነኩ በዐይን ብቻ መቍጠር እጅግ አስቸጋሪ ነውና፣ የከተማው ሰዎች ልጆቻቸውን በዚህ ይፈትኗቸዋል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ቁም ነገር፣ ይህ አደባባይ ሳይፈርስ የቆየው ተዘግቶ ስለ ተጠበቀ አለመሆኑ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ዛሬም ይቀደስባታል፤ የኢኖቼንቲ ቤት ከሙዚየሙ ሌላ በ1988 የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት የጥናት ማእከሉን ያቋቋመበት ስለ ሆነ፣ ስለ ሕፃናት የማሰብ ሥራውን አላቋረጠም፤ የመነኰሳቱም ቤት እንግዳ ይቀበላል። ሕንፃ ሥራ ሲፈታ ጣራው ያፈስሳል፤ ሥራ ሲኖረው ግን የሚጠግነው ሰው ያገኛል፤ እንግዳው ለአንድ ሌሊት የሚከፍለውም ገንዘብ ለዚህ ጥገና ይውላል። ነገሩ ልኩን ሲያልፍ ግን ይገለበጣል። ቤቱ ሁሉ ለመንገደኛ ሲከራይ ነዋሪው እየለቀቀ፣ ከተማዋ እንግዳ እንጂ ባለቤት የሌላት ትሆናለችና፣ የፍሎሬንስ ምክር ቤት በ2023 በታሪካዊው ማእከል ውስጥ አዲስ የአጭር ጊዜ የኪራይ ቤት እንዳይከፈት ወስኗል። ይህን የሚያውቅ መንገደኛ፣ የነዋሪ መኖሪያ ከነበረ አፓርትማ ይልቅ ከጥንት ጀምሮ ማኅበር ወይም እንግዳ ሲኖርበት የቆየ፣ በር ጠባቂና አስተናጋጅ ያለውን ትንሽ ሆቴል ቢመርጥ፣ ምርጫው ለራሱ ምቾት ብቻ ሳይሆን ለከተማይቱም ይጠቅማል።

ጕልበቱ የደከመ፣ ብዙ ሻንጣ የያዘ፣ ወይም ሕፃናት አስከትሎ የሚጓዝ ሰው ግን ስለ ታሪክ ሲል ራሱን አያስጨንቅ፤ በባቡር ጣቢያው አካባቢ ካሉት ዘመናዊ ሆቴሎች በአንዱ አድሮ፣ በቀን መጥቶ በረንዳዎቹን ቢያይ ማንም አይነቅፈውም። ደረጃ መውጣት የማይከብደው፣ ጠባብ ክፍል ቢደርሰው የማይቀየም፣ የደወል ድምፅም ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሰው የማያማርር ሰው ግን ገንዘቡን በጥንታዊው ቤት ላይ ያውለው፤ ለሦስት ሌሊት ጕዞ ከዚህ የበለጠ የሚተርፈው ወጪ አይገኝም።